መሸጥና ማትረፍ ለየቅል ናቸው፦ የትርፍ መቶኛ እንዴት ይሰላል?

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚወስደው መንገድ ለጥ ያለውን የደምቢያ ሜዳ ይዞ ቆላ ድባን ያገኛል። የምሥራቅ ደምቢያ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የጤፍ፣ የሽምብራ፣ የበቆሎ፣ የጥቁር አዝሙድና የቀንድ ከብት መገበያያ ናት። በገበያ ቀን አርሶ አደሩ ምርቱን ጭኖ ይገባል፤ ነጋዴው ሚዛኑን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሲመሽ ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ «ዛሬ አተረፍሁ ወይስ ከሰርሁ?» የሚል።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በእጁ የገባውን ገንዘብ ቆጥሮ ነው። ይሁን እንጂ በእጅ የገባ ገንዘብ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። አራት ኩንታል ጤፍ ሸጦ 48 ሺህ ብር ይዞ የተመለሰ አርሶ አደር ትርፉን ለማወቅ ያንን ምርት ለማግኘት ያወጣውን ሁሉ መቁጠር ይኖርበታል። ሳይቆጥር የቀረው ወጪ ክረምት ሲገባ በማዳበሪያ እጥረት ወይም በብድር መልክ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ የትርፍ መቶኛ እንዴት እንደሚሰላና በስሌቱ ላይ የሚፈጠሩ የተለመዱ ስሕተቶችን ያብራራል። የተጠቀሱት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ምሳሌዎች እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

መቶኛ ምንድን ነው?

መቶኛ አንድን ነገር ከመቶ እጅ ስንት እጅ እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ ነው። ሐሳቡ ለገጠሩ ማኅበረሰብ አዲስ አይደለም። መሬቱን ለእኩል ወይም ለሲሶ የሚሰጥ፣ ከምርቱ አስራት የሚያወጣ ሰው ክፍልፋይን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። እኩሌታ 50 በመቶ ነው፤ ሲሶ 33 ከሲሶ በመቶ ነው፤ ሩብ 25 በመቶ፣ አስራት ደግሞ 10 በመቶ ነው።

መቶኛ የሚያስፈልገው መጠናቸው የተለያየ ሥራዎችን በአንድ ዓይን ለማየት ነው። አንድ ነጋዴ በ6,000 ብር የገዛውን ሽምብራ ሸጦ 900 ብር አተረፈ እንበል። ሌላው በ60,000 ብር የገዛውን በሬ ሸጦ እርሱም 900 ብር አተረፈ። የሁለቱ ትርፍ በብር እኩል ነው። የመጀመሪያው ግን ከእያንዳንዱ መቶ ብር 15 ብር ሲያገኝ፣ ሁለተኛው ያገኘው አንድ ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው መቶኛ ነው።

መሠረታዊው ስሌት

ስሌቱ ሁለት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ከተሸጠበት ዋጋ ላይ የተገዛበት ዋጋ ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ትርፍ ይባላል። ቀጥሎ ትርፉ ለተገዛበት ዋጋ ይካፈልና በ100 ይባዛል።

የትርፍ መቶኛ = (የተሸጠበት ዋጋ − የተገዛበት ዋጋ) ÷ የተገዛበት ዋጋ × 100

በ6,000 ብር የተገዛ አንድ ኩንታል ሽምብራ በ6,900 ብር ቢሸጥ ትርፉ 900 ብር ነው። 900 ለ6,000 ሲካፈል 0.15 ይሆናል፤ በ100 ሲባዛ 15 በመቶ ይመጣል። ያው ኩንታል በ5,400 ብር ቢሸጥ ግን 600 ብር ጎድሏል፤ ይህም 10 በመቶ ኪሳራ ነው።

ስሌቱ ወደ ኋላም ይሠራል። በ6,000 ብር የገዛውን ዕቃ 15 በመቶ ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው 6,000ን በ1.15 ያባዛል፤ መሸጫው 6,900 ብር ይሆናል። በተቃራኒው 15 በመቶ አትርፎ በ6,900 ብር የሸጠ ሰው የተገዛበትን ዋጋ ለማወቅ ቢፈልግ 6,900ን ለ1.15 ማካፈል አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ6,900 ላይ 15 በመቶውን ሲቀንሱ 5,865 ብር ያገኛሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። 15 በመቶው የተሰላው ከግዥው ዋጋ እንጂ ከመሸጫው ዋጋ ስላልነበረ ነው።

«የተገዛበት ዋጋ» ሲባል ምን ምን ይጨምራል?

ቀመሩን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። ዋናው ጥያቄ ወጪ ተብሎ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ነው።

ጎንደር በሲራራ ንግድ ዘመን የታወቀች የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ የሚወጣው አሞሌ ጨው ከመገኛው በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄድ ነበር። ሆኖም በመነሻና በመድረሻ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ የነጋዴው ትርፍ አልነበረም። የአጋሰስ ቀለብ፣ የኬላ ቀረጥ፣ የጫኝና የአውራጅ ድካም፣ በመንገድ የሚሰበረው አሞሌ ሁሉ ከዚያው ላይ የሚወጣ ነበር። የዛሬው ነጋዴ በቅሎውን በመኪና ቢተካም ሒሳቡ አልተለወጠም።

ቀደም ሲል ወደ ተጠቀሰው ሽምብራ እንመለስ። ነጋዴው ኩንታሉን ቆላ ድባ ላይ በ6,000 ብር ገዝቶ ጎንደር ወሰደው። ለመኪና 120 ብር፣ ለመጫኛና ለማውረጃ 40 ብር፣ ለጆንያ 60 ብር፣ ለደላላ 50 ብር ከፈለ። ጠቅላላ ወጪው 6,270 ብር ደረሰ። ሽምብራው ሲበጠር ሁለት ኪሎ ገለባና ድንጋይ ስለወጣው የተሸጠው 98 ኪሎ ነው፤ በኪሎ 69 ብር ሲታሰብ 6,762 ብር ያመጣል። ትርፉ 492 ብር ነው፤ ለ6,270 ሲካፈል 7.8 በመቶ ይሆናል። ነጋዴው በልቡ የያዘው 15 በመቶ ወደ ግማሽ ወርዷል።

ልዩነቱን የፈጠረው ትልቅ አደጋ አይደለም። አራት አነስተኛ ወጪዎችና ሁለት ኪሎ ብጣሪ ናቸው። በተለይ ብጣሪው ሊዘነጋ አይገባም። በ2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በመሰሉ ዘመናዊ የግብይት ሥርዓቶች ምርት የሚገባው ተመዝኖና ደረጃው ተለይቶ ነው፤ ባዕድ ነገር የበዛበት ምርት በክብደቱም በደረጃውም ዋጋ ያጣል።

የአርሶ አደሩ ወጪ

የነጋዴው ወጪ በአመዛኙ በጥሬ ገንዘብ የሚወጣ በመሆኑ ለመቁጠር ይቀላል። የአርሶ አደሩ ወጪ ግን ግማሹ በገንዘብ፣ ግማሹ በጉልበትና በንብረት የሚከፈል ነው። አንድ አርሶ አደር በተለምዶ ጥማድ በሚባለው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ በሚሆን መሬት ላይ ጤፍ ዘርቶ አራት ኩንታል አገኘ እንበል። ጤፉን በኩንታል 12,000 ብር፣ ጭዱን በ3,000 ብር ቢሸጥ ጠቅላላ ገቢው 51,000 ብር ነው።

ከኪሱ ያወጣው ለዘር 800፣ ለማዳበሪያ 4,000፣ ለፀረ አረም 400፣ ለአረም ሠራተኞች 3,000፣ ለአጨዳና ለውቂያ 4,000፣ ለጆንያና ለማጓጓዣ 800፣ በድምሩ 13,000 ብር ነው። በዚህ ስሌት 38,000 ብር አትርፏል፤ ይህም 292 በመቶ ነው። ቁጥሩ እጅግ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም።

አርሶ አደሩ ራሱ ከእርሻ እስከ ውቂያ 30 ቀን ሠርቷል። በዚያው ጊዜ ሌላ ቦታ ቢቀጠር በቀን 400 ብር ቢያገኝ ኖሮ ድካሙ 12,000 ብር ያወጣል። በሬዎቹ አምስት ጊዜ አርሰዋል፤ በሬ የሌለው ሰው ለአንድ ጊዜ እርሻ 800 ብር የሚከፍል ቢሆን ይህ 4,000 ብር ነው። መሬቱን ቢያከራየው 8,000 ብር ያገኝ ነበር። እነዚህ ሲደመሩ ጠቅላላ ወጪው 37,000 ብር ይሆናል። ትርፉ 14,000 ብር ነው፤ መቶኛውም ከ292 ወደ 37.8 ይወርዳል።

ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። 292 በመቶው ከኪስ የወጣው ገንዘብ ምን ያህል ይዞ እንደተመለሰ ይናገራል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ መበደር ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ጥያቄ ይረዳል። 37.8 በመቶው ደግሞ መሬቱን፣ በሬውንና ጉልበቱን በዚህ ሥራ ላይ ማዋሉ ከሌላው አማራጭ ምን ያህል እንደሚሻል ይነግረዋል። በደቦ ወይም በወንፈል የተሠራ ሥራም ነፃ አይደለም። ወንፈል በሌላ ቀን በጉልበት የሚመለስ ብድር ነው፤ ደቦም ጠላውና እንጀራው ወጪ ነው።

በዚህ ላይ ለቤት ቀለብ የሚቀረው ምርት አለ። አርሶ አደሩ ከአራቱ ኩንታል ሁለቱን ለቤተሰቡ ቢያስቀር በእጁ የሚገባው 27,000 ብር ብቻ ነው። ይህን ከ37,000 ብር ወጪ ጋር ቢያነጻጽር 10,000 ብር የከሰረ ይመስለዋል። የተበላው ጤፍ ግን ባይመረት ኖሮ ከገበያ ይገዛ ነበር። ስለዚህ ለቀለብና ለዘር የቀረው ምርት በገበያ ዋጋ ታስቦ በገቢ በኩል መመዝገብ አለበት።

ከስንት ብር በታች አልሸጥም?

ወጪውን በትክክል የቆጠረ ሰው የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም በድርድር ጊዜ ይታያል። ከ37,000 ብር ጠቅላላ ወጪ ላይ የጭዱ 3,000 ብር ሲቀነስ 34,000 ይቀራል፤ ለአራት ኩንታል ሲካፈል 8,500 ብር ይመጣል። ይህ ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ዋጋ ነው። ነጋዴው 8,000 ብር ቢሰጠው፣ አርሶ አደሩ በእያንዳንዱ ኩንታል 500 ብር የሚያወጣ ድካሙን በነፃ እየሰጠ መሆኑን ያውቃል። በችግር ምክንያት ለመሸጥ ቢገደድ እንኳ ምን እያጣ እንደሆነ አውቆ ይሸጣል።

20 በመቶ ለማትረፍ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ 37,000ን በ1.2 አባዝቶ 44,400 ብር ያገኛል። የጭዱን 3,000 ብር ቀንሶ ቀሪውን ለአራት ሲያካፍል በኩንታል 10,350 ብር መጠየቅ እንዳለበት ይረዳል።

ጊዜም ወጪ ነው

በደምቢያ ዋልካ መሬት ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ነው። ምርቱ በሚሰበሰብበት ወቅት ገበያው ስለሚሞላ ዋጋ ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይወደዳል። ስለዚህ አቆይቶ መሸጥ ትርፋማ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ይህም ቢሆን መሰላት አለበት።

በየካቲት 6,000 ብር የሚያወጣ ኩንታል በነሐሴ 7,500 ብር ቢገባ ዕድገቱ 25 በመቶ ነው። ነገር ግን ነቀዝና አይጥ ስድስት ኪሎ ቢያጎድሉ የሚሸጠው 94 ኪሎ ነው፤ ይህም 7,050 ብር ያመጣል። ለማከማቻ 100 ብር ቢወጣ ትርፉ 950 ብር ነው፤ ለ6,100 ሲካፈል 15.6 በመቶ ይሆናል። ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ አየር የማያስገባው የፒክስ ከረጢት ተመራጭ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከነቀዝ የሚተርፈው እያንዳንዱ ኪሎ በክረምቱ ዋጋ የሚቆጠር ነውና።

አሁን ይህን ከበሬ ድለባ ጋር እናነጻጽር። አንድ ሰው በሬ በ50,000 ብር ገዝቶ ለሦስት ወር አደለበ። ለፋጉሎ፣ ለፉርሽካና ለድርቆሽ 9,000፣ ለሕክምናና ለጨው 500፣ ለጠባቂ 4,500፣ ለደላላና ለገበያ ክፍያ 500 ብር አወጣ። በሬውን በ75,000 ብር ሲሸጥ ጎረቤቱ «ግማሽ በግማሽ አተረፈ» ቢለው አይደንቅም። ጠቅላላ ወጪው ግን 64,500 ብር ስለሆነ ያተረፈው 10,500 ብር ነው፤ ይህም 16.3 በመቶ ነው።

የሽምብራው 15.6 እና የበሬው 16.3 በመቶ ሲታዩ የሚቀራረቡ ናቸው። ይሁንና የሽምብራው ገንዘብ የታሰረው ለስድስት ወር፣ የበሬው ደግሞ ለሦስት ወር ነው። በወር ሲታሰብ የመጀመሪያው 2.6 በመቶ፣ ሁለተኛው 5.4 በመቶ ያመጣል። በሬው ግን ሊታመም ወይም ሊሞት ይችላል፤ መቶኛው ይህን ስጋት አይናገርም። የበሬው መግዣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደሩት ቢሆን ደግሞ የሦስት ወሩ ወለድ 2,250 ብር ነው፤ ትርፉ ወደ 8,250 ብር፣ መቶኛውም ወደ 12.4 ይወርዳል።

የከተማ ነጋዴዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች

በሱቅ ንግድ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ግራ መጋባት «ከምን ላይ የታሰበ በመቶ?» የሚለው ነው። በ800 ብር ተገዝቶ በ1,000 ብር የተሸጠ ዕቃ ትርፉ 200 ብር ነው። ከተገዛበት ዋጋ ሲታሰብ 25 በመቶ፣ ከተሸጠበት ዋጋ ሲታሰብ 20 በመቶ ነው። ሁለቱም አሠራሮች በንግዱ ዓለም ያሉ ናቸው። ሽርክና የሚገቡ ሰዎች የትኛውን እንደሚጠቀሙ አስቀድመው ካልተስማሙ ግን በትርፍ ክፍፍል ጊዜ መጣላታቸው አይቀርም።

ቅናሽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ባለሱቁ በ1,000 ብር በገዛው ዕቃ ላይ 20 በመቶ ጨምሮ 1,200 ብር ዋጋ አወጣ። በበዓል ሰሞን 20 በመቶ ቅናሽ ሲያደርግ ወደ መነሻው የሚመለስ ይመስለዋል። የ1,200 ብር 20 በመቶ ግን 240 ብር ስለሆነ ዕቃውን በ960 ብር ይሸጠዋል፤ 40 ብር ይከስራል። በተመሳሳይ 20 በመቶ የከሰረ ሰው ወደ ቀድሞ ካፒታሉ ለመመለስ 25 በመቶ ማትረፍ አለበት።

የተለያዩ ዕቃዎችን መቶኛ ደምሮ ማካፈልም ያሳስታል። በ1,000 ብር ቅመም ላይ 50 በመቶ፣ በ20,000 ብር ዘይት ላይ 5 በመቶ ያተረፈ ነጋዴ አማካይ ትርፉ 27.5 በመቶ አይደለም። ከቅመሙ 500፣ ከዘይቱ 1,000፣ በድምሩ 1,500 ብር አተረፈ፤ ለ21,000 ሲካፈል 7.1 በመቶ ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ነጋዴም 15 በመቶው የመንግሥት ገንዘብ እንጂ ገቢው እንዳልሆነ ማስታወስ ይኖርበታል። ታክሱን ጨምሮ በ1,150 ብር የተሸጠ ዕቃ የነጋዴው መሸጫ ዋጋ 1,000 ብር ነው፤ ትርፉም የሚሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታቸው ለሆነ ግብር ከፋዮች ደግሞ ደረሰኝ የሌለው ወጪ በወጪነት ላይያዝ ይችላል። ግብሩ በእጅ ባልገባ ትርፍ ላይ እንዳይጣል ደረሰኝን መጠበቅ ይበጃል።

ያተረፈው ገንዘብ ለከርሞ ይበቃል?

አንድ ትርፍ እውነተኛ የሚሆነው ሥራውን እንደገና ለመጀመር ሲያስችል ነው። ኢትዮጵያ ማዳበሪያ የምታስገባው ከውጭ ስለሆነ ዋጋው ከዓለም ገበያና ከምንዛሬ ጋር የተሳሰረ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር የመግዛት አቅም በዶላር አንጻር በእጅጉ መቀነሱ ይታወቃል። ለጤፍ እርሻው 13,000 ብር ያወጣው አርሶ አደር ለቀጣዩ ዓመት ያንኑ ግብዓት ለመግዛት 16,000 ብር ቢያስፈልገው፣ ከ14,000 ብር ትርፉ 3,000ው ገና ከወዲሁ ተይዟል። ለቤተሰቡ ሊያወጣው የሚችለው 11,000 ብር ነው። 14,000ውንም ለሠርግ ወይም ለድግስ ካዋለው በትርፍ ዓመት የተጀመረ ዕዳ ይገጥመዋል።

በአንድ ደብተር የሚያልቅ ሥራ

ይህን ሁሉ ለመከታተል የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በየዕለቱ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች መመዝገብ ይበቃል።

አንደኛ፣ ከኪስ የወጣውን ገንዘብ ከነቀኑና ከነምክንያቱ፤ አነስተኛውን የጫኝ ክፍያም ሳይተዉ።

ሁለተኛ፣ ራስና ቤተሰብ የሠሩበትን ቀን፣ በሬ የዋለበትን ጊዜና የመሬቱን ኪራይ ግምት።

ሦስተኛ፣ የተሸጠውን በኪሎና በብር፣ ለቀለብና ለዘር የቀረውንም በገበያ ዋጋው።

አራተኛ፣ ገንዘቡ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን።

አምስተኛ፣ የብድሩን ወለድና ለቀጣዩ ወቅት የሚያስፈልገውን ገንዘብ።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች ተማሪ ልጆቻቸው ይህን ሒሳብ ሊሠሩላቸው ይችላሉ፤ የትርፍና የኪሳራ መቶኛ በትምህርት ቤት የሚማሩት ነውና። ልጁ ደብተሩ ላይ የሚያየው የመጽሐፍ ጥያቄ በአባቱ አውድማ ላይ ሲደገም ትምህርቱም ይጠነክራል፣ ቤተሰቡም ከገበያ በፊት ዋጋውን አውቆ ይወጣል። በቀጣዩ የገበያ ቀን ነጋዴው «ስንት ልስጥህ?» ሲል፣ አርሶ አደሩ በደብተሩ ላይ የተጻፈውን 8,500 ብር ወለል አድርጎ ከዚያ በላይ መደራደር ይችላል።